«ይረዳል» እና «ይተካል» አንድ አይደሉም፦ ኮሌስትሮልን በተፈጥሮ መድኃኒት ስለማውረድ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በድሬዳዋና በሐረር ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ኮሌስትሮል የተገኘበት ሰው ሐኪም ያዘዘለትን ስታቲን የሚባል ኮሌስትሮል የሚያወርድ ክኒን ትቶ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ አብሽ፣ የዓሣ ዘይትና ቀይ የሩዝ እርሾ የሚባለውን እንክብል እንዲወስድ ይመክራል። ስታቲን የፋብሪካ ኬሚካል ነው ይላል፤ የተፈጥሮዎቹ እኩል ይሠራሉ ይላል፤ በሁለት ወር ከ260 ወደ 205 የወረደለትን ሰው ለማስረጃ ያቀርባል፤ ክኒኑ ጉበትና ጡንቻ ይጎዳል፣ አንዴ ከጀመሩትም አይለቅም ይላል፤ የተፈጥሮው ግን ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም ብሎ ይደመድማል።

እኛ በመድኃኒት ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነንና ጽሑፉን አንብበን ዝም ማለት አልቻልንም። ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት አንጠራጠርም። ከጻፉትም ውስጥ እውነት አለ፤ ቦታው ሲደርስ እንናገረዋለን። ስሕተታቸው «ይረዳል» የሚባለውን ነገር «ይተካል» ማለታቸው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የሚለካው በቁጥር ስለሆነ ከቁጥር አንርቅም።

መጀመሪያ የላቦራቶሪ ወረቀቱን እንየው፤ ጽሑፉ የሚያወራው ስለ ጠቅላላ ኮሌስትሮል ብቻ ነውና። ወረቀቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አራት መሥመር አለ፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል፣ ኤችዲኤል («ጥሩው» የሚባለው ኮሌስትሮል)፣ ትራይግሊሰራይድ (ሌላ የደም ቅባት) እና ኤልዲኤል («መጥፎው» የሚባለው)። የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየገባ የሚጠራቀመውና ለልብ ድካም (የልብ ደም ሥር ድንገት ሲዘጋ ለሚመጣው) እና ለስትሮክ መንገድ የሚጠርገው ኤልዲኤል ነው። በብዙ ላቦራቶሪ ይህ ቁጥር የሚገኘው በስሌት ነው፦ ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልና የትራይግሊሰራይድ አንድ አምስተኛ ይቀነሳል። ጠቅላላው 260፣ ኤችዲኤል 45፣ ትራይግሊሰራይድ 150 ከሆነ 260 ሲቀነስ 45 ሲቀነስ 30፣ ኤልዲኤሉ 185 ነው። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ካለፈ ግን ይህ ስሌት አይሠራም፤ ጾሞ አድሮ እንደገና መመርመር ወይም ኤልዲኤሉን በቀጥታ ማስለካት ያስፈልጋል። ይህን 185 በእጃችን እንያዘው፤ የሚቀጥለውን ሁሉ በእሱ እንመዝናለን።

ስታቲን የፋብሪካ ኬሚካል ነው ለተባለው፦ የስታቲን ትውልድ ከሻጋታ ነው። ጃፓናዊው ተመራማሪ አኪራ ኤንዶ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በሺዎች የሚቆጠሩ የሻጋታ ዓይነቶችን ሲመረምር ቆይቶ፣ ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ኢንዛይም የሚያግድ ንጥረ ነገር ከአንድ የፔኒሲሊየም ዘር አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ለሽያጭ የተፈቀደው የመጀመሪያው ስታቲን፣ ሎቫስታቲን፣ እሱም ከሻጋታ የተገኘ ነው። ጽሑፉ አጥብቆ የሚያሞግሰው ቀይ የሩዝ እርሾስ ምንድን ነው? ሩዝ ላይ የበቀለ ሻጋታ ነው። በውስጡ ያለው ሞናኮሊን ኬ የሚባለው ንጥረ ነገር ከሎቫስታቲን ጋር ልዩነት የለውም፤ ሞለኪውሉ አንድ ነው። ስለዚህ ይህን እንክብል ወስዶ ኤልዲኤሉ የወረደለት ሰው የወሰደው ስታቲን ነው፤ የጡንቻ ሕመም ሊያመጣ የሚችለውም ያው ንጥረ ነገር ነው።

ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። የክኒኑ ማሸጊያ ላይ 20 ሚሊ ግራም ከተባለ ውስጡ ያለው 20 ሚሊ ግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ አንድ የአሜሪካ ምርመራ ግን 28 የቀይ ሩዝ እርሾ ምርቶች ተፈትሸው በሁለቱ ውስጥ ሞናኮሊን ኬ ጭራሽ አልተገኘም፤ በቀሩት መካከል ያለው የመጠን ልዩነት ከ60 እጥፍ በላይ ነበር። አንዱ ጠርሙስ ዱቄት ብቻ፣ ሌላው መድኃኒት ማለት ነው። በዚያ ላይ ሻጋታው በደንብ ካልተያዘ ሲትሪኒን የሚባል ኩላሊት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 የሞናኮሊኑ መጠን በቀን ከ3 ሚሊ ግራም በታች እንዲሆን ደንግጓል። በጃፓን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 የቀይ ሩዝ እርሾ ምርት የወሰዱ ብዙ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎድቶ ምርቱ ከገበያ ተሰብስቧል።

እኩል ይሠራሉ ለተባለው፦ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት ይህንኑ ጥያቄ ፊት ለፊት ፈትኖታል። 190 ያህል ሰዎች ተከፋፍለው ለ28 ቀን ሮሱቫስታቲን 5 ሚሊ ግራም፣ የዓሣ ዘይት፣ ቀረፋ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ፣ የዕፅዋት ስቴሮል፣ ቀይ የሩዝ እርሾ ወይም ምንም የሌለበት ባዶ ክኒን ወሰዱ። ሮሱቫስታቲን ኤልዲኤልን በ38 በመቶ ገደማ አወረደ። ከስድስቱ እንክብሎች አንዱም ከባዶው ክኒን በተሻለ አላወረደም፤ የነጭ ሽንኩርቱ እንዲያውም ከባዶው ጋር ሲነጻጸር ወደ 8 በመቶ ጨመረ። ጥናቱን የደገፈው የመድኃኒቱ አምራች መሆኑና 28 ቀን አጭር ጊዜ መሆኑ መነገር አለበት። ግን ነጭ ሽንኩርትን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2007 ከአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣና ከመድኃኒት ኩባንያ ገንዘብ ያልወሰደ ጥናት አለ፤ 192 ሰዎች ለስድስት ወር፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን አንድ ፍሬ የሚያህል ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ወይም ከሁለት ዓይነት የነጭ ሽንኩርት እንክብል አንዱን፣ ወይም ባዶውን ወሰዱ። ኤልዲኤል በየትኛውም ወገን ንቅንቅ አላለም። ነጭ ሽንኩርት ለወጥ ይግባ፤ ለኤልዲኤል ግን አይቆጠር።

አብሽና ጥቁር አዝሙድ ትንሽ ይለያሉ። ሁለቱም ላይ ኮሌስትሮል በመጠኑ የቀነሰባቸው አነስተኛና አጫጭር ጥናቶች አሉ። አብሽ የሚሠራው ውኃ ሲነካው እንደሚያብጠው ሁሉ አንጀት ውስጥም የሚያብጥና የሚያጣብቅ አሰር (ፋይበር) ስላለው ነው። ነገር ግን ከነዚህ ጥናቶች አንዳንዶቹ በቀን 25 ግራምና ከዚያ በላይ ዱቄት የሰጡ ናቸው። አንድ የሻይ ማንኪያ አብሽ 4 ግራም ገደማ ነው። ሐረር ሑልባት ተብሎ ማባያ የሚሆነው መጠን ከዚህ ሂሳብ ጋር አይገናኝም፤ ስድስት ማንኪያ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ደግሞ ሆዱ ይነፋል፣ ይተወዋል።

የዓሣ ዘይቱን ጠርሙስ አዙራችሁ ጀርባውን አንብቡ። ፊት ለፊት በትልቁ 1000 ሚሊ ግራም የተባለው የዘይቱ ክብደት ነው። ጀርባው ላይ በትንሹ ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120 የሚል ታገኛላችሁ፤ እነዚህ ኦሜጋ-3 የሚባሉት ቅባቶች ናቸው፤ የሚሠራው ይህ 300 ብቻ ነው። የዓሣ ዘይት ትራይግሊሰራይድ ለማውረድ በሐኪም ሲታዘዝ እስከ 4 ግራም ድረስ ነው፤ ያንን ከዚህ ጠርሙስ ለማግኘት በቀን 13 እንክብል መዋጥ ሊኖርባችሁ ነው። ይህም ለትራይግሊሰራይድ ነው። ኤልዲኤልን አያወርድም፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ጭራሽ ከፍ ያደርገዋል።

አሁን 185ቷን እናውጣ። አቶርቫስታቲን 20 ሚሊ ግራም በ40 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ ወደ 110 ያወርዳታል፤ 40 ሚሊ ግራም ወደ ግማሽ ያስጠጋታል። በደንብ የተያዘ የምግብ አሰር 5 በመቶ ቢቀንስ 176 ትሆናለች። የልብ ድካም ደርሶበት ለዳነ ሰው የሚፈለገው ከ70 በታች ነው፤ የአውሮፓ መመሪያ እንዲያውም ከ55 በታች ይላል። ይህ ቁጥር ለወረቀት ውበት አይደለም የሚፈለገው። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው የስካንዲኔቪያ ጥናት 4,444 የልብ ሕሙማንን ከአምስት ዓመት በላይ ተከታትሏል፤ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 256፣ ሲምቫስታቲን ከወሰዱት 182 ሞቱ። ከነጭ ሽንኩርት፣ ከአብሽና ከጥቁር አዝሙድ በኩል እንዲህ ያለ የሞት ቆጠራ የሚያቀርብ ጥናት የለም።

ከ260 ወደ 205 ወረደ ስለተባለው ሰው፦ ውሸት ነው አንልም። ግን መቼ ተለካ? በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል የተወ ሰው በዚሁ ብቻ ኮሌስትሮሉ ይወርዳል። ከጾሙ በፊት ተመርምሮ፣ ጾሙ ሲገባ የጥቁር አዝሙድ ዘይት የጀመረ፣ በሰሙነ ሕማማት እንደገና የተመረመረ ሰው ምስጋናውን ለዘይቱ ይሰጣል። ከፋሲካ አንድ ወር በኋላ ይለካና እንየው። ሌላም አለ፤ ኢንፌክሽን ኮሌስትሮልን ለሳምንታት ዝቅ ያደርጋል። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን ያየች ከተማ ናት፤ ትኩሳት ከያዘው በኋላ ገና ሳያገግም የተመረመረ ሰው ቁጥሩ ያታልለዋል። ስለዚህ ሁለት ውጤት የምታነጻጽሩ ከሆነ በአንድ ላቦራቶሪ፣ ሁለቱንም በጾም ወይም ሁለቱንም በፍስክ፣ ከበሽታ ካገገማችሁ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቆይታችሁ ይሁን።

ወደ ጉበትና ጡንቻው እንምጣ። ሰው ክኒኑን የሚጥለው በዚህ ፍርሃት ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን።

ስታቲን ጡንቻ ሊያሳምም ይችላል፤ እውነት ነው። እጅግ አልፎ አልፎም ጡንቻውን አፍርሶ ኩላሊት ላይ አደጋ ያመጣል። ምልክቱ ሁለቱን ጭን ወይም ሁለቱን ትከሻ እኩል የሚይዝ ከባድ ሕመም፣ ከመቀመጫ መነሳት የሚያቅት ድካምና እንደ ጥቁር ሻይ የጠቆረ ሽንት ነው። ይህ ከታየ ክኒኑን ያቁሙ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ፣ ሲኬ የሚባለው የደም ምርመራ ይታዘዝ። ቀለል ያለው ሕመም ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ምንጭ አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት፣ በሕመም ምክንያት ስታቲን ትተው የነበሩ 60 ሰዎች አንዱን ወር ስታቲን፣ ሌላውን ወር ባዶ ክኒን፣ ሌላውን ወር ምንም ሳይወስዱ አሳለፉ፤ ክኒን በወሰዱበት ወር የትኛው ክኒን እንደሆነ አያውቁም። ምንም ካልወሰዱበት ወር ጋር ሲነጻጸር በባዶው ክኒን ወር የተጨመረባቸው ሕመም በስታቲኑ ወር ከተጨመረባቸው 90 በመቶው ያህል ነበር። ሕመሙ የውሸት አልነበረም፤ የመጣው ግን በአብዛኛው ክኒን ከመዋጥ ፍርሃት ነበር። አሁን የምንመልስለትን ዓይነት ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ላይ ይህ ፍርሃት ምን ያህል እንደሚጨምር አንባቢ ይፍረደው።

ጽሑፉ ያልጠቀሰው፣ እኛ ግን በጣም የሚያሳስበን፣ ስታቲን ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር የሚያደርገው ግጭት ነው። ለጨጓራ ባክቴሪያ የሚሰጠው የሦስት መድኃኒት ሕክምና ውስጥ ክላሪትሮማይሲን አለ። እሱ ጉበት ስታቲንን የሚያስወግድበትን በር ይዘጋል፤ በዚህ ጊዜ ሲምቫስታቲን ደም ውስጥ ይከማቻል። በጨጓራ ሕክምናው ሰሞን ሲምቫስታቲን መቆም አለበት፤ አቶርቫስታቲንም መጠኑ መቀነስ ወይም ለጊዜው መቆም ይኖርበታል። ለደም ግፊት አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲኑ ከ20 ሚሊ ግራም አይለፍ። ሪቶናቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲን ጨርሶ አይወስድም። ጡንቻቸውን ያመማቸው ቢጠየቁ በአንዳንዶቹ ላይ ከነዚህ አንዱ ይገኛል። ሌላው ምክንያት የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስ ነው፤ እሱ ራሱ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል፣ ራሱም ጡንቻ ያሳምማል። እንቅርት በማይጠፋበት በሐረርጌ ደጋ ስታቲን ከመጀመሩ በፊት ቲኤስኤች የሚባለውን የታይሮይድ የደም ምርመራ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ታይሮይዱ ሲታከም ኮሌስትሮሉ አብሮ የሚወርድለት ሰው አለ።

ጉበትስ? ከመቶ ሰው በአንዱ ገደማ የጉበት ኢንዛይም ከፍ ይላል፤ መጠን ሲቀነስ ወይም ሲቆም ይመለሳል። ጉበትን በእውነት የሚያበላሽ አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው። በእኛ አካባቢ ግን ጉበት ሲነሳ ስለ ጫት ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። እዚሁ ሐረር ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃም ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ሄፓታይተስ ቢም አለ። ሳይመረመር ስታቲን የጀመረ ሰው ከሦስት ወር በኋላ ኢንዛይሙ ከፍ ብሎ ሲገኝ ጥፋተኛው ክኒኑ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመጀመራችሁ በፊት ኤኤልቲ የሚባለውን የጉበት ኢንዛይም አስለኩና ወረቀቱን አስቀምጡ።

ሳንጠየቅ አንድ ነገር እንጨምር፤ ስታቲን ስኳርን በትንሹ ከፍ ያደርጋል፣ ለስኳር በሽታ ጫፍ ላይ ያለን ሰው ሊያሻግር ይችላል። ጸሐፊው ይህን ቢያነሱ ኖሮ ተገቢ ነጥብ በሆነ ነበር። ቢሆንም የልብ ድካምን በመከላከል የሚሰጠው ጥቅም ስለሚበልጥ ስኳር ላለበት ሰው ራሱ ይታዘዛል። ለነፍሰ ጡር ግን በአብዛኛው አይሰጥም።

አንዴ ከጀመሩት አይለቅም ለተባለው መልሱ አጭር ነው። ስታቲን ሱስ የለውም። ሲቆም ጉበት ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል፣ ኤልዲኤሉም በሳምንታት ውስጥ ወደነበረበት ይወጣል። የደም ግፊት መድኃኒትም እንዲሁ ነው።

የተፈጥሮው አይጎዳም ስለተባለው ከቀይ ሩዙ ሌላ ሦስት ነገር እንበል። በብዛት የሚወሰድ አብሽ ስኳር ያወርዳል፤ ግሊቤንክላሚድ የሚባለው የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን ላይ ያለ ሰው ሲደርብበት ላብ፣ መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ሊመጣ ይችላል። የነጭ ሽንኩርት እንክብል ደም ያቀጥናል፤ ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን የሚወስድ፣ ጥርስ ሊነቀል ወይም ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ቀጠሮ የያዘ ሰው ይጠንቀቅ። ሦስተኛው ሙቀት ነው። የዓሣ ዘይት በድሬዳዋ ሙቀት መደብ ላይ ፀሐይ ሲመታው ከዋለ ይበላሻል። አንዷን እንክብል በመርፌ ወጋ አድርጋችሁ አሽትቱ፤ እንደ አሮጌ ቀለም ከሸተተ ጠርሙሱን ጣሉት።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ምግብ ላይ ነው፤ የሚያሳዝነውም ገንዘቡን ወደ እንክብል መምራታቸው ነው፤ የሚሠራው ነገር ቀፊራ ወይም ሸዋ በር ገበያ በርካሽ ይገኛልና። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አለው፤ በቀን 3 ግራም ሲገኝ ኤልዲኤል በ5 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ይህን ለማግኘት 75 ግራም ያህል በሶ ይበቃል፣ ሰባት ስምንት የሾርባ ማንኪያ መሆኑ ነው። በውኃ ይበጥበጥ፤ ስኳር ከገባበት ትራይግሊሰራይዱን ያነሳዋል፣ በቅቤ ታሽቶ ጭኮ ከሆነ ደግሞ ትርፉ ይቀራል። በሌላ ምግብ ፋንታ ይበላ እንጂ በላዩ አይጨመር። ተልባ በቀን 30 ግራም፣ ሦስት ሞላ ያለ የሾርባ ማንኪያ፤ ካልተፈጨ እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። በድሬ ሙቀት የተፈጨ ተልባ ቶሎ ስለሚመርር የሳምንቱን ብቻ ፈጭታችሁ ፍሪጅ አስቀምጡ። በሶም ሆነ ተልባ ክኒን ከሚዋጥበት ሰዓት ሁለት ሰዓት ይራቅ።

ከሁሉ በላይ የሚያዋጣው ግን የሚጨመረው ሳይሆን የሚቀነሰው ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሹ ጠጣር ቅባት ነው፤ ሳምቡሳው የሚጠበሰው በእሱ ነው። ወደ ሱፍ ወይም ኑግ ዘይት መዞር ከብዙ እንክብል ይበልጣል። የግመል ሻኛ፣ የበግ ላት፣ ንጥር ቅቤ በዚያው መዝገብ ናቸው። ሳይጣራ የተፈላ ቡናም ኤልዲኤል የሚጨምር ካፌስቶል የሚባል ቅባት አለው፤ በቀን አምስት ስድስት ስኒ የሚጠጣ ሰው በወረቀት ማጥለያ ቢያሳልፈው ይቀንስለታል። እንደምናውቀው ይህን መጠየቅ ቀላል አይደለም።

ገና ወጣት የሆነ፣ ስኳር፣ ግፊትና ሲጋራ የሌለበት፣ ኤልዲኤሉ ከ130 እስከ 160 የሆነ ሰው ሦስት ወር በዚህ ምግብ ሞክሮ እንደገና ቢለካ ሐኪሙም አይቃወመውም። የልብ ድካም ወይም ስትሮክ የደረሰበት፣ ዕድሜው ከ40 ያለፈና ስኳር ያለበት፣ ወይም ኤልዲኤሉ 190 የደረሰ ሰው ግን ምግቡን ከክኒኑ ጋር ያድርግ።

ጽሑፉን አንብባችሁ ክኒናችሁን ያቆማችሁ ካላችሁ፦ ያቆማችሁት ሕመም ሳይሰማችሁ ከሆነ በነበረው መጠን ዛሬውኑ ቀጥሉ፤ ላለፈው ብላችሁ ሁለት አትዋጡ። ሲምቫስታቲን ማታ ነው የሚወሰደው፤ ከሰዓት ቅሞ እራት ሳይበላ የሚተኛ ሰው ይረሳዋልና በማንኛውም ሰዓት ወደሚወሰደው አቶርቫስታቲን እንዲቀየርለት ይጠይቅ፣ ከቁርስ ጋር ይዋጠው። ያቆማችሁት በሕመም ከሆነ ሳትጀምሩ ሐኪማችሁን አግኙ፤ መጠን መቀነስ፣ ዓይነት መቀየር፣ ሮሱቫስታቲንን በየሁለት ቀኑ መውሰድ፣ ኢዜቲሚብ የተባለውን ሌላ የኮሌስትሮል መድኃኒት መጨመር የሚባሉ መንገዶች አሉ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ኤልዲኤላችሁን አስለኩ። ወደ ፋርማሲ ስትመጡ የምትወስዱትን ሁሉ፣ የጨጓራውንም፣ የግፊቱንም፣ ያንን ከውጭ የመጣ ጠርሙስም በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ኑና ባንኮኒው ላይ ደርድሩት።